የዳልቺት ጭራ እስኪነቃ

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ መናኸሪያ በር ላይ ከባጃጅ ስወርድ እግሬ ተንሸራቶ በጉልበቴ ተደፋሁ። ዝናብ ያደረበት ድንጋይ መሆኑን እያወቅሁ፣ እንደ ልጅ ባጃጁ በወጉ ሳይቆም መውረዴ ነው ጉድ የሠራኝ። ሹፌሩ ደግፎ አጠገባችን ካለው ፋርማሲ አስገባኝ። ባለሙያዋ ልጅ «አይዞዎት እማማ፣ ቆዳው ብቻ ነው የተላጠው፤ ትንሽ ያቃጥልዎታል» ብላ አዮዲን የነከረችውን ጥጥ ጉልበቴ ላይ አሳረፈችው። ማቃጠሉን ቻልኩት፤ ሽታውን ግን አልቻልኩትም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ከልጅቷ ትከሻ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ የማደንዘዣ ብልቃጦች እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው አየሁ። «ይሄ ሊዶካይን ብዙ አላችሁ?» አልኳት። «ሞልቷል እማማ። ጥርስዎን ያመዎታል እንዴ?» አለችኝ። ጥርሴንስ ደህና ነኝ። እኔን የያዘኝ፣ ከግማሹ በታች የቀረውን አንድ ብልቃጥ በጥጥ ጠቅልዬ፣ ጡቴ ሥር ወሽቄ፣ ወደ ዘንገና የሮጥኩበት የዚያ ቀን ሐሳብ ነው።

ያኔ ይህን ከተማ ኮሶበር ነበር የምንለው፤ የኔ እድሜ እኩዮች ዛሬም እንጅባራ ለማለት ምላሳቸው ይዘገያል። አንድ የጠጠር መንገድ ነበረን፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር በበጋ አቧራውን፣ በክረምት ጭቃውን የሚያካፍለን። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው መኪናቸውን ሲረግጡ፣ አንደኛው ቴፕ ነበረውና ዘፈን ያሰማናል። ባትሪው ሲደክም የዘፋኟ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ ወንድ ትሆናለች። ባትሪውን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ያውም ፀሐይ ከተገኘ። የኮሶበር ጉም መቼ እንደዋዛ ለቆ! ዳቦ በአስር ሳንቲም ነበር፣ ሻይም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስኳር ግን ገንዘብ ያለውም አያገኘው፤ ቀበሌ ሲያድል ብቻ ነው፣ ያችም ተቋጥራ ለእንግዳ፣ ለክርስትና፣ ለታመመ ሰው ትቀመጣለች። እኔ ይታይሽ ከደብረ ማርቆስ አዲስ የተመደብኩ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ደረቱ ላይ አበባ የተጠለፈበት ሹራብ፣ ከጉልበት የሚወርድ ጉርድ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ለወንድ የተሰፋ የመሥሪያ ቤት ቦት። ስሄድ ቦቱ ከኋላዬ አንድ እርምጃ ቆይቶ የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ የከበደኝ ግን ቋንቋው ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ያለው ሰው አገውኛ፣ ዛሬ አዊኛ የምንለውን፣ ነበር የሚናገረው፤ እኔ ደግሞ ከሰላምታው በስተቀር አንዲት ቃል አልሰማም።

አለቃችን ለክትባት ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ በኩል ወጥቶ፣ ክሊኒኩን ብቻዬን የያዝኩበት ጠዋት ነው። አንዲት ሴት ከላይ እስከ ታች ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ፀጉር ልብስ፣ ለብሳ፣ ከዝናቡ እየተንጠባጠበች ገባች። ጠጂቱ እንደምትባል በኋላ ነው ያወቅሁት። አማርኛ አታውቅም። ሁለት እጇን ቡጢ ጨብጣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራረበች፣ ከዚያ ወደ ኋላዋ አዙራ ወደ ታች ዘረገፈችው፣ ከዚያ የጥጃ ድምፅ አሰማችኝ። ገባኝ። ላሟ ወልዳለች፣ ማህፀኗም ተገልብጦ ወጥቷል። ይህን በሽታ በማሠልጠኛው አይቼው አውቃለሁ። ላሟ ማማጧን አታቆምም፤ አንቺ ስትመልሺ እሷ ትገፋለች፣ ከላም ጉልበት ጋር ደግሞ ማንም ታግሎ አያሸንፍም። መላው ጀርባዋ ላይ፣ ጭራዋ ከሚበቅልበት ቦታ፣ ከአጥንትና ከአጥንት መሐል በምትገኝ ጠባብ ክፍተት ማደንዘዣ መስጠት ነው። ያን ጊዜ ምጡ ይቆማል፣ ሕመሙም ይጠፋል። መምህሬ አጠገቤ ቆሞ፣ እጄን በእጁ እየመራ፣ አንድ ላም ላይ አሠርቶኛል። ብቻዬን ግን ሠርቼው አላውቅም። የብርጭቆ ሲሪንጁን ቀቅዬ፣ ብልቃጡን ይዤ ተከተልኳት። መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ነበረች፤ አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየችኝም፣ አንድም ጊዜ አላረፈችም።

ዛሬ ዘንገና ሐይቅ ዳር ወጣቱ ስልኩን ይዞ ፎቶ ሲነሳ ሳይ፣ ያ መስክ የቱ ጋ እንደነበር በዓይኔ እፈልጋለሁ። ሰው ክብ ሠርቶ ቆሞ ነበር። ሳር ላይ ዳልቻ ላም ተኝታለች፤ ዳልቺት ይሏታል። ከኋላዋ የወጣው ነገር ጆንያ ያህላል፣ ቀይ ነው፣ ያብጣል፣ ዝንብና ሳር ተለጥፎበታል። ባማጠች ቁጥር ጨምሮ ይመጣል። ከራስጌዋ አንድ ረጅም ሰው ቢላዋውን በድንጋይ እየሳለ ቁጢጥ ብሏል። የጠጂቱ ባል ታላቅ ወንድም ነው፣ አያ ደሴ ይባላል። ባልየው ለዘመቻ ከሄደ መንፈቅ አልፎታል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። አያ ደሴ አማርኛ ይችላል።

«እታለም፣ ደክመሽ መጣሽ። ግን አልቋል» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም ድምፁ። «እስትንፋሷ ሳይወጣ ባርኬ ባርዳት ይሻላል። አምና የኔዋን ዛሬ ነገ ስል ሞተችብኝ። ለጅብ ነው የጎተትኳት። ሥጋዋ እንኳ ለልጆቼ አልሆነም።»

«መመለስ ይቻላል» አልኩት። «መርፌ ጀርባዋ ላይ እሰጣታለሁ፣ ማማጧን ትተዋለች።»

«ጀርባዋ ላይ? አከርካሪዋን?»

ሰዉ ተንጫጫ። ጠጂቱ ምን እንደተባለ አማቷን ጠየቀች። አማቷ እማማ ውቢት፣ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ሁለት እጆቻቸው የሚያዙ ባልቴት፣ ነገሯት። ከዚያ ለሷ መናገር ያለብኝ የባሰ ነገር ነበረኝ፤ ሳልናገር ብወጋ ደግሞ ኅሊናዬ አይፈቅድም። «እማማ፣ ይህን ንገሩልኝ» አልኩ። «መድኃኒቱ አንዴ ከገባ በኋላ ማረድ የለም፤ ሥጋዋ አይበላም። ከዳነች ዳነች፤ ካልዳነች ሁሉንም አጣችው ማለት ነው። ባትነሳስ ብትሉኝ፣ እኔም ልማልልዎ አልችልም።»

እማማ ውቢት ቃል በቃል ሲነግሯት ከንፈሯን አየሁት፤ አልተንቀሳቀሰም። አያ ደሴ ተነስቶ ቆመ። «የወንድሜ ቤት ነው፣ እኔ ነኝ ተጠያቂው» አለ፣ መጀመሪያ በአማርኛ ለኔ፣ ቀጥሎ በአገውኛ ለሷ። ጠጂቱ አልጮኸችም። ሄዳ በሱና በላሟ አንገት መሐል ተቀመጠች። አንድ አጭር ነገር ተናገረች። እማማ ውቢት ወደኔ ዞረው፣ «ላሟ ከአባቴ ቤት ይዣት የመጣኋት ናት፣ ትላለች። ውጊያት፣ ትላለች» አሉኝ።

አያ ደሴ ቢላዋውን አፎቱ ውስጥ ከተተው። ዓይኑን ግን ከእጄ አላነሳም።

የጭራዋን ሥር ፀጉር ላጨሁት፣ በሳሙና አጠብኩት፣ አዮዲን ቀባሁት። በግራ እጄ ጭራዋን ይዤ እንደ ጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቀስኩት፤ በቀኝ ጣቴ የሚንቀሳቀሰውን አጥንትና የማይንቀሳቀሰውን አጥንት ለየሁ። በመሐላቸው የምትሰምጥ ቦታ አለች፣ አውራ ጣት የማታህል። መርፌውን እዚያ ላይ አቆምኩት። አፉ ላይ ከመድኃኒቱ አንዲት ጠብታ አንጠለጠልኩ። መምህራችን «ትክክለኛው ቦታ ስትገቢ ጠብታዋን ውስጡ ይስባታል» ይለን ነበር፤ «ላሟ ተኝታ ከሆነ ግን ላይስባትም ይችላል» ይለን ነበር ደግሞ። ገፋሁ። አጥንት ነካሁ። ዳልቺት አማጠች፣ ጆንያው ጨመረ፣ ከሰዉ መሐል አንዲት ሴት «እግዚኦ» አለች። መርፌውን አወጣሁት። ላቤ ከዝናቡ ጋር ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው፤ የተሳሳተ ቦታ ካፈሰስኩት ሌላ የለም። ከበዛ ደግሞ የኋላ እግሮቿን ይይዛታል። ጭራዋን እንደገና አንቀሳቀስኩ፣ እንደገና ዳሰስኩ፣ ጫፉን ትንሽ ወደ ፊት አጋድዬ ገፋሁ። ጠብታዋ ቆመች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ እንደተጠጣች ሁሉ ጠፋች። ሲሪንጁን ገጥሜ ቀስ ብዬ ስገፋው ምንም አልታገለኝም፤ ውሃ ወደ ባዶ ዕቃ እንደሚገባ ገባ። 

ጥቂት ቆይቶ ጭራዋ ከእጄ ላይ ወደቀ። እንደ እርጥብ ገመድ። ዝንብ አርፎበት እንኳ ንቅንቅ አላለም። እኔ ደስ አለኝ። ሰዉ ግን ደነገጠ። አያ ደሴ ጎንበስ ብሎ ጭራውን አነሳው፣ ለቀቀው፣ ወደቀ። «ሞተ! ጭራዋ ሞቷል!» አለ። «እታለም፣ ሽባ አደረግሻት!»

«እንዲህ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ምጧን ይመልከቱ አያ ደሴ፣ ቆሟል።»

እውነትም ቆሟል። ዳልቺት ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ሳሩ ላይ አሳርፋ በጸጥታ ተነፈሰች። ያበጠው ማህፀን ግን እንዳለ ሊገባ አይችልም። እብጠቱን ውሃ የሚያስተፋ ነገር ያስፈልገኛል። ላቅማማ ብልም ጊዜ አልነበረኝም፤ «እማማ፣ ስኳር» አልኩ። «መንደሩ ያለውን ስኳር ሁሉ። ማህፀኗ ላይ ሲነሰነስ ውሃውን ይመጥጠዋል፣ ይሟሽሻል።» እማማ ውቢት አፍጥጠው አዩኝ። «ሰው ያጣውን ስኳር ላም ላይ?» አሉ፤ ለሴቶቹ ሲተረጉሙላቸው አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። የተቀየመችኝ መሰለኝ። ለካስ ወደ ቤቷ ነበር የሄደችው፤ በአሮጌ ጋዜጣ የተቋጠረች ስኳር ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ሌላዋ በሲኒ፣ ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ። ለክርስትና የተቀመጠውም፣ ለታመመ የተቀመጠውም መጣ። ዛሬ ሱቅ ገብቼ ስኳር በኪሎ ሲመዘን ባየሁ ቁጥር የነዚያ ሴቶች እጅ ይታየኛል።

ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠብነው፣ ስኳሩን ነሰነስንበት፣ ጠበቅን። ማህፀኑ ውሃውን እያንጠባጠበ ሲያንስ ሰዉ ወደፊት ተጠጋ። የኋላ እግሮቿን ወደ ኋላ ዘርግተን በደረቷ አስተኛናት። «ከሥሩ የሚይዝልኝ ጉልበተኛ ሰው እፈልጋለሁ» ስል አያ ደሴ ጋቢውን አወለቀ፣ ከማህፀኑ ሥር ዘረጋው፣ አንዱን ጫፍ ራሱ ያዘና ወደ ላይ አነሳ። እኔ ጣቶቼን አጥፌ በቡጢዬ፣ ከዳር ከዳሩ፣ ቀስ እያልኩ መግፋት ጀመርኩ። ጥፍር ከነካው ይቀደዳል። ክንዴ ደነዘዘ፣ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፣ የገባ ሲመስለኝ እየተንሸራተተ ይመለሳል። አያ ደሴ ከጎኔ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ጋቢውን አላወረደም። «በርቺ» አለኝ አንዴ። ከዚያ በድንገት፣ እንደሚዋጥ ጉርሻ፣ ሁሉም ተስቦ ገባ። እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ እጥፋቱን ሁሉ ዘረጋሁ። ተመልሶ እንዳይወጣ መውጫውን በወፍራም ክር ሰፋሁት፤ መርፌው ቆዳዋን ሲበሳ ዳልቺት ታመሰኳ ነበር።

አሁን የቀረው መጠበቅ ነው፤ ከሁሉም የከፋውም እሱ ሆነ። ጉሙ ከሐይቁ ተነስቶ መስኩን ሸፈነው። ሰዉ አልተበተነም። ዳልቺት ተኝታለች፣ ጭራዋ ሳሩ ላይ ተዘርግቷል። «መቼ ነው የሚመለሰው?» ይለኛል አያ ደሴ። «ይመለሳል» እለዋለሁ። ውስጤ ግን፣ ምናልባት አብዝቼው ቢሆንስ? ምናልባት መርፌው የማይነካ ነገር ነክቶ ቢሆንስ? ይላል። በኔ ቃል ተማምና መተዳደሪያዋን ያስያዘች ሴት ፊቴ አለች። እሷ ጭራውን ጨርሶ አላየችውም። እንገሩን አልባ፣ ጣቷን እያጠባች ጥጃውን ታስለምደው ነበር። ጥጃው በጠባ ቁጥር ዳልቺት ጆሮዋን ወደዚያ ታዞራለች። እኔ ጫፉ ላይ ያለውን ጥቁር ፀጉር ብቻ እያየሁ ተቀመጥኩ። ነፋስ ሲነካው ልቤ ይዘላል፤ ነፋስ መሆኑን ሳውቅ ይወድቃል።

ከዚያ ነፋስ ሳይኖር ተንቀሳቀሰ። በመጀመሪያ ጫፉ፣ ቀጥሎ ግማሹ፣ ቀጥሎ አንዱን ዝንብ ጠረገ።  ዳልቺት አንዴ ተንጠራራች፣ የኋላ እግሮቿን ሰበሰበች፣ ታፋዋን አነሳች፣ ተንገዳገደች። አያ ደሴ ሮጦ በትከሻው ደገፋት። ቆመች። ቆማ ለረጅም ጊዜ ሸናች፣ ሰዉም እልል አለ፤ በሽንት እልል ሲባል ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ጠጂቱ እጄን ልታስታጥበኝ ውሃ ይዛ መጣች። ለማፍሰስ ስታጎነብስ ባናዋ ከትከሻዋ ወረደ፣ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እርጉዝ ናት፤ ያውም የገፋ። ያን መንገድ ሁሉ ከፊቴ እየቀደመች የመጣችው በዚህ ሆዷ ነው። ውሃውን እያፈሰሰች፣ ዓይኔን ሳታየኝ፣ ለአማቷ አንድ ነገር ተናገረች። እማማ ውቢት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለሰውስ እንዲህ ያለ መርፌ አለ ወይ፣ ትላለች» አሉኝ። ቀጠሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከዚህ በፊት ሁለቴ አምጣ ሁለቴም የሞተ ልጅ እንደታቀፈች፣ የመጨረሻው ጊዜ እሷም ለጥቂት እንደተረፈች ነገሩኝ።

«አለ» አልኩ። «የት?» አሉኝ። «ባህር ዳር።» ባህር ዳር ያኔ ለነሱ ከሰማይ ብዙ አይቀርብም ነበር።

ስፌቱን ልፈታ ስመለስ ሐሳቤን ይዤ ነው የሄድኩት። ምጧ ሳይጀምር፣ ጤና ጣቢያው አጠገብ ካለችው የኪራይ ክፍሌ መጥታ ትቀመጥ አልኩ። አያ ደሴ እንቢ ይላል ብዬ ስንት ክርክር አዘጋጅቼ ነበር። ሰማኝና በማግስቱ ራሱ በፈረስ ይዟት መጣ። አንድ አልጋ ላይ ተኛን። አማርኛ አስተማርኳት፣ አገውኛ አስተማረችኝ፤ የማብሰያውን ስም፣ የጉሙን ስም፣ የሕመሙን ስም። አንድ ቀን ንጋት ላይ ምጧ መጣ፣ እስከ ረፋዱም አልገፋ አለ። አዋላጇ «እዚህ አትወልድም፣ ቶሎ ውሰዷት» አለችን። ድንች የጫነ መኪና ነበር ያገኘነው። እኔና አያ ደሴ ከሹፌሩ ጎን በመሐላችን ይዘናት፣ አዲስ ቅዳምን፣ ዳንግላን አለፍን። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ይገባል፤ አትጮህም። ዳንግላ ላይ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት መኪናው ሲቆም፣ አያ ደሴ ወርዶ እየሮጠ፣ በዱላው በጎችን፣ በልመና ሰዎችን እያስለቀቀ መንገድ ጠረገልን።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙ ወጣት ነበር። «ኦፕራሲዮን ነው፤ ከወገቧ በታች ብቻ እናደነዝዛታለን» አለኝ። «ጀርባዋን ወጥራ ማጎንበስ አለባት፤ ቋንቋዋን የምታውቂ ከሆነ ገብተሽ ንገሪያት።» ገባሁ። ከፊቷ ቆሜ ትከሻዋን ያዝኩ። ምጡ መጥቶባት ሲያልፍ ቀና ብላ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ይታይሽ፣ እኔ ጭራ የለኝም፤ መንቃቴን በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ሳቅኩ፣ እንባዬም መጣ። «ጎንበስ በይ» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና አጎነበሰች። ሐኪሙ ጣቱን አከርካሪዋ ላይ ሲያንቀሳቅስ እጄ በራሱ ጊዜ አብሮት ይፈልግ ነበር። ከዚያ አስወጡኝ።

ኮሪደሩ ላይ አያ ደሴና እኔ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን።  የሕፃን ልቅሶ ሲሰማ እሱ ቁጭ አለ። ሴት ልጅ ናት አሉን፣ ደህና ናት አሉን። እናቲቱን ግን ገና ነው አሉን። ተሸክመው ወደ ክፍሉ ሲያመጧት ፊቷ እንደ አመድ ነበር፣ ዓይኗ ተከድኗል፣ እግሮቿ ብርድ ልብሱ ሥር እንዳስቀመጧቸው ቀርተዋል። ሕፃኗን ታቅፌ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ እየመጣች ትዳስሳታለች፣ ግፊቷን ትለካለች፣ ትሄዳለች። ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ ጠጂቱ ግንባሯን ቋጠረች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ በራሷ ቋንቋ አንዲት ቃል አለች።

ነርሷ ደንግጣ «ምን አለች? ምን አለች?» አለችኝ።

«አመመኝ አለች» አልኳት። ደስታዬ አፌን እንዳይዘጋው እየታገልኩ፣ እንደገና አልኳት፦ «አመመኝ አለች!»